የለም

በሩ ሲንኳኳ ልብስ ሰፊዋ አልከፈተችም። ወንድ ልጇን ከቁምሳጥኑ ኋላ ሸጎጠችው፤ የትንሿን ሴት ልጇን አፍ በመዳፏ ያዘች። ልጁ አስራ ስምንት ሞልቶታል፤ ጦርነት ደግሞ አስራ ስምንት የሞላውን አይምርም።

"ሰው አለ? ሕፃን ወይ በሽተኛ ካለ ንገሩን!" አለ ከውጭ አንድ ሰው።

"አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ" አለች እናትየው በሹክሹክታ።

ልጁን ሳል አመለጠው። ጠመኔ በሩ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ። በስር ወረቀት ገባ።

"አንብቡት!" ብሎ ሰውየው ሄደ።

እናትየው ማንበብ አትችልም። "ከነሱ ደግ ወረቀት መጥቶ አያውቅም" ብላ ለልጆቿ ሳታሳይ ጨመደደችውና የተሰበረውን የመስኮት መስታወት ወተፈችበት። ብርዱ ቀነሰ።

አምናም በሮች ላይ በጠመኔ ተጽፎ ነበር። በማግስቱ መኪና መጥቶ ጎረምሶቹን ጫነ። አንድም የተመለሰ የለም።

ትንሿ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ፊደል የሚያስቆጥራት ወንድሟ ነው። ወጣ ብላ አይታ ተመለሰች።

"'አለ' ይላል። የማዶው ባዶ ቤት ግን 'የለም' ይላል።"

"እሺ የኔታ፣ 'የለም' ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ?" አላት ወንድሟ ከተሸሸገበት።

"በደንብ!"

እናትየው የልብስ ጠመኔዋን ሰጠቻት። ትንሿ የተጻፈውን በእጅጌዋ አጠፋች። የ። ለ። ም። "ም" ጠማማ ሆነባትና ደግማ ጻፈቻት።

ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ብቸኛውን ድልድይ ተሻግረው መጡ። ትንሿ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀች። የጥጉን ቤት አሮጊት ደግፈው አወጧት፤ ፍራሿንም ጫኑላት።

"አሮጊት ምን ያደርግላቸዋል?"

"ዝም በይ፣ የኔ እናት።"

ኮቴ በራቸው ላይ ቆመ።

"የለም ይላል፤ እለፈው።"

አለፉ። እናትየው የልጅቷን ጠመኔ የነካ ጣት ሳመች። "እጅሽ ይባረክ" አለች። ወንድሟም ከስንት ወር በኋላ ወገቡን አቃንቶ ቆመ። ፊደል መኪና እንደሚመልስ ለትንሿ ማንም አልነገራትም ነበር።

መንገዱ ጭር አለ። በወንዙ በኩል አንድ ነገር ጓ አለ። ማናቸውም ቀና አላሉም፤ ለምደውታል።

ትንሿ ያገኘችውን ሁሉ ማንበብ አማራት። የክር ካርቶኑን አነበበች፤ የዘመን መቁጠሪያውን አነበበች። ሌላ ስታጣ ከመስኮቱ ወረቀቱን መዘዘች። ብርዱ ገባ። ጉልበቷ ላይ ዘረጋችውና በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች፦

"ነገ ንጋት ላይ ሰፈሩ በመድፍ ይመታል። 'አለ' ከተጻፈበት ቤት ሁሉንም ዛሬ በመኪና እናወጣለን። የመጨረሻው መኪና እንዳለፈ ድልድዩ ይፈርሳል።"