«ሾርባው ጨው በዛበት!»

«ይሄ ሾርባ ነው ወይስ የጨው ጉድጓድ? ውሰጂልኝ!»

አባት ሳህኑን በደህናው እጃቸው ገፉት...

እናት የፈሰሰውን ጠርገው ወደ ማዕድ ቤት ገቡ።

በሩ ላይ የቆመችው ልጃቸው ግን ደሟ ፈላ።

ልጅቷ ፀጉር ሠሪዬ ናት። ታሪኩን ያጫወተችኝም ፀጉሬን እየሠራች ነው።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ በሽታ ግማሽ ጎናቸውን ይዞ አልጋ ላይ ጣላቸው። ከዚያ ወዲህ የሚያገላብጧቸው፣ የሚያጥቧቸው፣ የሚያጎርሷቸው እናት ናቸው። እሳቸውም ልብስ ሰፊ ናቸው።

ሐኪሙ እናትን «ካላረፉ ቀድመው የሚወድቁት እርስዎ ነዎት» አላቸው።

ልጅቷና ወንድሟ መከሩ። ተራራማ ገጠር ውስጥ፣ በረንዳው ሸለቆውን የሚያይ ለጥቂት ቀን የሚከራይ የእንጨት ቤት አገኙ። ከታች ወንዝ... ጠዋት ጉም... ሙቅ ውሃም አለው። ወንድምየው እናቱን ይዞ ይሄዳል፣ እሷ አባቷን ታስታምማለች።

የዚያ ተራራ ፎቶ ከእናት የስፌት መኪና በላይ ተሰቅሎ ኖሯል። አባት በዚያ መንገድ ጭነት ሲያመላልሱ «አንድ ቀን ይዤሽ እሄዳለሁ» ይሏቸው ነበር። በሽታው ቀደማቸው እንጂ።

እናት ግን ዕቅዱን ሲሰሙ «እሱን ጥዬ? ሞቼ እገኛለሁ!» አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አባት ሌላ ሰው ሆኑ።

ሾርባው ጨው በዛበት። ትራሱ ጎረበጣቸው። «እጅሽ ይቀዘቅዛል፣ አትንኪኝ! ልጄ ትሻለኛለች!»

እዚህ ጋ እኔ ራሴ «ወይ ውለታ ቢስ!» ብዬ ከወንበሩ ልነሳ ነበር።

አንድ ጠዋት እናት ሻንጣቸውን አነሱ። «እሺ! ልጅህ ታጉርስህ!» ብለው ከወንድ ልጃቸው ጋር ወጡ።

በሩ ሲዘጋ ልጅቷ አባቷ ላይ አፈጠጠች።

«አባዬ፣ እማዬ ምን በደለችህ?»

አባት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያለቅሱ ነበር...

«እናትሽን አታውቂያትም? ሂጂ ቢሏት አትሄድም። ከቤት የምትወጣው ስታኮርፍ ብቻ ነው... ምን ላድርግ ልጄ? እንድታኮርፍ አደረግኳት። እኔ ባልወስዳት እንኳ ተራራውን ትየው ብዬ ነው።»

ልጅቷ አቅፋቸው አብራ አለቀሰች።

በማግስቱ እናት በቪዲዮ ደወሉ። ብርድ ልብስ ተከናንበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«ስልኩን ወደ እሱ አዙሪው... ሰውዬ! ዛሬስ ሾርባው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው...» አሉ አባት አንገታቸውን ደፍተው።

እናት በሳቅ ፈረሱ።

«ከታመምክ ወዲህ ጨውና ስኳር እንደማትለይ የማላውቅ መስሎህ ነው?»

«ታዲያ... አውቀሽ ነው የሄድሽው?»

«እንዴ! ክፉ ለመሆን እንደዚያ ስትለፋ አሳዘንከኛ! ደግሞ እጅሽ ይቀዘቅዛል ትላለህ፣ ካልያዝከው መች እንቅልፍ ይወስድሃል?»

ከዚያ ስልኩን ወደ ተራራው አዞሩት።

«በል እይ። አንድ ቀን ያልከው ይኸው... አብረን መጣን።»

ወዳጆቼ፣ ሁላችንም የታመመውን እንጠይቃለን። አስታማሚውን «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው ግን ስንቱ ነው? የሚያስታምምም ሰው ይደክመዋል። ወድቆ አልጋ ሳይጋራ በፊት አሳርፉት።

እናንተ ቤት ሌላውን ሲያሳርፍ እሱ ያላረፈው ማነው? ለመጨረሻ ጊዜ «በቃ፣ ዛሬ እኔ አለሁ» ያላችሁትስ መቼ ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ግን መጀመሪያ ደውሉለት።