አንዱ ሶኬት

በሰመራው የቆርቆሮ ጸሎት ቤት የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ነበር፤ የተሰካበት ቬንትሌተር የሬሳ ሳጥኑ ላይ ይነፍሳል። የጉባኤው ሽማግሌ ግን የሚያዩት ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የልጃቸውን ኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። ባለፈው እሑድ በአምልኮ መሀል የጊታሩን ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር ገመድ መንጭቀው ነቅለው፣ «ይሄ ሮክ የዓለም ጩኸት ነው፤ በጌታ ቤት አይመታም!» ብለው በምትኩ ቬንትሌተሩን ሰክተው ነበር። ልጁ ወጥቶ የጭነት መኪናውን አስነሥቶ ሄደ፤ ዲቾቶ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ።

«ጋሼ፣ መዝሙር እንጀምር?» አለቻቸው ከመዘምራኑ አንዷ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቬንትሌተሩን ነቀሉና አምፕሊፋየሩን ሰኩት። ሙቀቱ ወዲያው ሰዉን አፈነው። ከአምፕሊፋየሩ እዝዝ የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። ሽማግሌው ጊታሩን አንሥተው ሳጥኑ ላይ አጋደሙት።

«በል እንግዲህ፣ ምታው» አሉት።