በዓመት አንዴ የሚነካ ዕቃ

ባሌ ደምመላሽ ጡረታ ወጥቶ የአናጢነት ዕቃውን ሁሉ ጓዳዬ ውስጥ ከመረው። ሁለት ሰው የሚስበው መጋዙ መተላለፊያ ነሣኝ፤ እንጨት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳው ቅልጥሜን ላጠው። የማኅበር ተራዬ ደርሶ ጠላ የምጠምቅበት ቦታ አጣሁ። “ቆጥ ላይ አውጣቸው” ስለው፣ “ሥራ ሲመጣስ?” ይላል። አንድም ሥራ መጥቶ አላየሁም።

ዛሬ ከገበያ ስመለስ፣ መሰላል አቁሞ የእናቴን ጋኖች ቆጥ ላይ ሲያወጣ ደረስኩበት።

“በዓመት አንዴ የሚነካ ዕቃ ቦታው እዚህ ነው” አለኝ ከላይ ሆኖ።

“እውነትህን ነው። እንዳይወድቁብኝ ወደ ጥግ ግፋቸው።”

እየዳኸ ገፍቷቸው ሲመለስ መውረጃ የለም።

“አንቺ ሴትዮ፣ መሰላሉስ?”

“እሱም በዓመት አንዴ ነው የሚነካው። ከመጋዝህ ጎን አጋድሜዋለሁ፤ ሥራ ሲመጣ ይነሣል።”