ሦስተኛው ክሪስታል

ቃልን ለአንደበት፣ ዝምታን ለልብ የሰጠ የእስራኤል አምላክ አስቀድሞ ይመስገን፤ ነገሩም በስሙ ይጀመር።

በአፉላ ከተማ፣ በጊቫት ሃሞሬ ሰፈር፣ ሙላው የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ከሚስቱ ከዘነበወርቅና ከአሮጊት እናቱ ከወይዘሮ ምንይሹ ጋር ይኖር ነበር። ወይዘሮ ምንይሹ ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈስሶ አንደበታቸው ከተያዘ አሥራ አንድ ወር ሆኗል። የንግግር ሐኪማቸው ሊላክ ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ እስከ ፋሲካ አንድ ቃል ካልወጣቸው ሕክምናው ይቆማል፣ እርሳቸውም ሐይፋ ወዳለው ቤት አቮት፣ ወደ አረጋውያን መኖሪያው፣ ከማያውቋቸው ሰዎች መካከል ይገባሉ።

ሙላው አንድ ተስፋ ነበረው። አባቱ ቄስ ሸጋው የታመሙ እናታቸውን ትተው መውጣት ስላልሆነላቸው ጎንደር ቀርተው ነበር። ቤተ ሰቡ በሱዳን በኩል በወጣ በዓመቱ በካሴት ቡራኬ ላኩ፤ ወዲያው ዐረፉ። በካሴቱ ላይ ብቻቸውን ሆነው በግዕዝ ይባርካሉ፤ ከእያንዳንዱም ቡራኬ በኋላ፣ ሰሚው እስኪመልስ፣ ዝም ይላሉ። በመንደራቸው ጸሎት ቤት ሴቶቹ ከግድግዳው ወዲያ ይቆሙ ነበር፤ ከሁሉ ቀድማ በቀጭን ድምፅ «ለይኩን» የምትል ትንሿ ልጃቸው ውቢት ነበረች። ውቢት በሱዳን መንገድ ላይ ቀረች።

«እማ የአባቴን ድምፅ አጥርታ ብትሰማ ትናገር ይሆናል» አለ ሙላው።

በኢንዱስትሪ ቀጠናው አብሮት የሚሠራው ሽሎሚ ካሴቱን ወደ ቁጥር ለውጦ ኮምፒዩተር ላይ ገለበጠለት። ሙላውም ከእናቱ መኝታ ቤት በጀሶ ግድግዳ በምትለየው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የድምፅ ማጫወቻ በእጁ ሠራ። የእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ልብ ክሪስታል ነው፤ ምት እየሰጠ የድምፁን ቁጥሮች በየተራ ያስነሣቸዋል። ምቱ ከተንቀጠቀጠ ድምፁ ይሻክራል።

የመጀመሪያውን ክሪስታል ከተጣለ ኮምፒዩተር ነቀለ። ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ሞከረው። የአባቱ ድምፅ ሻካራ ነበር፤ በዝምታውም ውስጥ አንዳች ትንፋሽ የመሰለ ነገር ሰማ።

ሽሎሚ ሣቀበት። «ጋሼ ሙላው፣ ይኼ ለእንቁላል መቀቀያ ሰዓትም አይሆን! ደግሞ ትክክለኛነቱን እያየህ አትግዛ። በዓመት አንድ ሴኮንድ ቢዘገይ አባትህ አይቆጡህም። ጸጥታውን ግዛ፤ ምቱ የማይንቀጠቀጠውን።»

ሁለተኛውን ገዛ። ሻካራነቱ ስለ ቀነሰ ድምፁን ከፍ አደረገው። አባቱ ባርከው ዝም ሲሉ፣ የሕፃን ይሁን የሴት የማይለይ ቀጭን ድምፅ «...ኩን» አለ።

ዘነበወርቅን ጠራት። «ሰማሽ?»

«የሰማሁት የልብስ ማጠቢያውን ነው» አለች ከወጥ ቤት። «አንተ ሰውዬ፣ በጆሮ ማዳመጫ አድርገውና ጎረቤት ይረፍ!»

በጆሮ ማዳመጫ ሲያደምጥ ድምፁ የለም። ማዳመጫውን ሲያወልቅ ተመልሶ መጣ። ሙላው ቁጭ ብሎ ዓመታቱን ቆጠረ፤ ካሴቱ ሲቀዳ ውቢት ከሞተች ዓመት አልፏታል።

ለሦስተኛው ክሪስታል ሳምንት ሙሉ የሻጮቹን ሠንጠረዥ አነበበ። ብዙዎቹ ከምቱ ርቆ ያለውን ጸጥታ ያወድሳሉ፤ እርሱ ግን ድምፁን የሚያሻክረውን፣ ከምቱ አጠገብ ያለውን ጫጫታ እያነጻጸረ ዝቅተኛውን መረጠ። ለብቻው ንጹሕ ኤሌክትሪክ አበጀለት። ሲከፍተው አባቱ ክፍሉ ውስጥ የገቡ መሰለው። ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው።

«እግዚአብሔር በሰላም ያብጽሕክሙ» አሉ ቄስ ሸጋው፤ ዝም አሉ።

«ለይኩን» አለ ቀጭኑ ድምፅ፣ ሙሉውን።

ሙላው መሣሪያውን አጥፍቶ ወጣ። ለሚስቱ አልነገራትም። ማክሰኞ፣ እናቱ ወደ ሞአዶን፣ ወደ አረጋውያኑ መዋያ ክበብ፣ ሄደው ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ደፍሮ ከፈተው። አባቱ ብቻ ነበሩ።

«ክሪስታል ሳይሞቅ አይሠራም» አለው ሽሎሚ በማግስቱ ሥራ ላይ። «እንደ አማት ነው፤ እስኪለምድህ ታገሥ።»

«ሙታን የሚመልሱበት ክሪስታል አይተህ ታውቃለህ?»

ሽሎሚ ቀና ብሎ አየው፤ የዚያን ዕለት አልቀለደም።

ከፋሲካ በፊት ባለው እሑድ ሊላክ መጣች። ሙላው እናቱን ደግፎ ከመሣሪያው ፊት አስቀመጣቸው። ሙት ብትመልስም ትመልስ፣ እናቱ ከተናገሩ ይበቃዋል ብሎ ቆርጧል። የቄስ ሸጋው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ወይዘሮ ምንይሹ ጎንደር ሳሉ በባላቸው ፊት ያደርጉ እንደ ነበረው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው ዐንገታቸውን ደፉ። በእያንዳንዱ ዝምታ ሊላክ ጠበቀች። ከእናቱም ከመሣሪያውም አንዳች አልተሰማም።

«እማ፣ አባቴ ነው እኮ! አንዲት ቃል!»

እንባቸው ወረደ እንጂ ቃል አልወጣቸውም። ሊላክ ወረቀቷን ሞልታ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች።

ሐሙስ ዘነበወርቅ አማቷን መኝታ ቤታቸው አስቀምጣ ልብሳቸውን በሻንጣ ታጥፍ ጀመር። ሙላው በጠባቧ ክፍል መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ነቀለ፤ ሦስተኛውንም ክሪስታል አውጥቶ በመዳፉ ያዘው። ከሩዝ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም።

ከዚያም የአባቱን የመጨረሻ ቡራኬ፣ ግዕዙን ወደ አማርኛ መልሶ፣ በአባቱ ዜማ፣ በራሱ አፍ አሰማ።

«ይህን ቃል የሰማችሁ ሁሉ፣ በሰላም ግቡ፣ በሰላም ውጡ። የተዘጋባችሁ ይከፈት፤ የራቀባችሁ ይቅረብ፤ ስማችሁ ከሕያዋን መካከል አይታጣ።»

እንደ አባቱም ዝም አለ።

«ለይኩን» አሉ ወይዘሮ ምንይሹ በዚያው ቀጭን ድምፅ፣ ከግድግዳው ወዲያ።