የሰባት ቤት ጉዞ

አባቷ «ዘንድሮ ክረምቱን ዘመድ እየጠየቅን አገር እናያለን» ሲል ልጅቷ አላመነችውም። ናሁሠናይን ላገባ ነው ካለች ወዲህ ሰላምታዋን እንኳ አይመልስላትም ነበር።

ዓባይ በረሃ ላይ አላቆመም። ባሕር ዳር ሲደርሱ «ወደ ጢስ ዓባይ እንታጠፍ፣ ፏፏቴው ሞልቷል» ብትለው «ውሃ ምኑ ይታያል!» ብሎ ነዳው። የሚያቆመው ዘመድ ቤት ብቻ ነው። እዚያም አንድ ሽማግሌ ይዞ ጥግ ይቀመጥና የናሁሠናይን አያት ቅድመ አያት እየጠራ ዘር ያስቆጥራል። እስከ ሰባት ቤት የጋራ አያት ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ደጀን አልተገኘም፤ ማርቆስም አልተገኘም።

«አያት ካጣህለት ልትወልድለት ነው?» አለች እናቷ ከፊት ወንበር።

«ዝም በይ! ያበላሸሻት አንቺ ነሽ።»

የቀሩት ጎንደር ያሉት አክስቱ እማሆይ ጥሩወርቅ ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጁ ባዳ ነው። ምናችሁም አይደለም።»

«እማሆይ፣ እስቲ ደህና አድርገው ይቁጠሩ!»

«እኔን ቆጠራ ልታስተምረኝ? አንተ ራስህ ስታገባ መች አስቆጠርኸኝ?» ተቆጥተው ወደ እናቷ ዞሩ። «ያንቺስ አያት ማን ይባላሉ?»

እናቷ ነገረቻቸው። እማሆይ በጣታቸው እየቆጠሩ ሄደው አራተኛዋ ላይ ቆሙ። አማተቡ።

«አንተና እሷ በአራተኛ ቤት ትገናኛላችሁ» አሉት።

ሲመለሱ እናቷ የፊቱን ወንበር ትታ ከኋላ፣ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ባሕር ዳር ሲደርሱ አባቷ ማንም ሳይለምነው ወደ ጢስ ዓባይ ታጥፎ መኪናውን አቆመ።

ማንም አልወረደም።