የካምፑ የመጨረሻ ምስክር

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ወሬ ከጀመሩ ግን አሁንም ፍሬን የላቸውም። ሰፈሩ ይወዳቸዋል። የሚሸሻቸው የቸኮለ ሰው ብቻ ነው።

በቅኝ ግዛቱ ዘመን ከከተማው ዳር፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ የእስረኞች ካምፕ ነበር። እዚያ የተገረፉትና የተራቡት ሰዎች፣ የሞቱት ሰዎች ልጆችም፣ ተሰባስበው ያንን ቅኝ ገዢ መንግሥት ጥፋቱን ይመን፣ ካሳም ይክፈል ብለው ከሰሱ። ክሱ እንደ ኤሊ ተጓዘ። በመሃል ከካምፑ የተረፉት አንድ በአንድ አለቁ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ፣ “ውስጡ የነበረ፣ በሕይወት ያለ አንድ ሰው አምጡ፤ ከሌለ መዝገቡ ይዘጋል” አለ።

የከሳሾቹ ጠበቃ ወጣት ሴት ናት። የገዛ አያቷም ከዚያ ካምፕ አልተመለሱም። በሬዲዮ ሕዝቡን ለመነች። በማግስቱ ሾፌሩ ከረባታቸውን አስረው፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ ያለውን ቢሮዋን አንኳኩ።

“እኔ አለሁልሽ” አሉ። ወንበር እስኪሰጣቸውም አልጠበቁም።

ጠበቃዋ ልታቅፋቸው ምንም አልቀራት።

ቃላቸውን ለማዘጋጀት ቤታቸው ትመላለስ ጀመር። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው ሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ጠበቃዋ የመጣችበትን ጉዳይ ስትናገር መርፌያቸው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

“ምን ብለህ ነው የተመዘገብከው?” አሉ ባለቤታቸው።

“እስረኛ ነበርኩ ብዬ።”

ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ሌላ መርፌ ፍለጋ መሳቢያውን ሳቡ።

ሾፌሩ ወሬውን ነዱት። ስለ ሽቦው አጥር፣ ስለ ጠባቂዎቹ ውሾች፣ ማለዳ ማለዳ ስለሚጮኸው ሲረን፣ ክረምት ሲገባ በሩ አካባቢ ጫማ ስለሚያስቀረው ጭቃ አወሩ። አፍ ያስከፍታሉ።

“ማደሪያችሁስ?” አለች ጠበቃዋ።

“ጨለማ ነዋ!”

“ስንት ሰው ነበራችሁ?”

“ኧረ ብዙ!”

የስፌት መኪናው ቆመ። “መገላበጥ አይቻልም ነበር” አሉ ባለቤታቸው ፊታቸውን ሳያዞሩ። “አንዱ ጎኑን ከለወጠ ሁሉም አብሮ መለወጥ አለበት።”

“ያው እሷ እንዳለችው ነው” አሉ ሾፌሩ።

ጠበቃዋ ጻፈች። “ውሃስ በምን ነበር የሚሰጧችሁ?”

“በኩባያ።”

“ኩባያ!” አሉ ባለቤታቸው። “በቀለም ቆርቆሮ በል። ቀለሙ ከንፈር ላይ ይቀር ነበር።”

“ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ። እርጅና እኮ ነው ልጄ!”

ጠበቃዋ ሳቀች። በሦስተኛው ጉብኝት ግን ሳቁ ቀረ። ሽማግሌው ዛሬ አንድ ነገር ይላሉ፣ ነገ ሌላ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ከጥግ ሆነው ያቃናሉ። የወዲያኛው ወገን ጠበቃ እንዲህ ዓይነቱን ምስክር እንደ ሽንኩርት ልጦ ነው የሚጥለው።

ስትወጣ ልጃቸውን በረንዳው ላይ ያዘቻት። “እናትሽ የሚያስጠኗቸው ይመስለኛል” አለቻት በሹክሹክታ።

“እናቴ የአባቴን ነገር ከአባቴ በላይ ነው የምታውቀው” አለች ልጅቷ። “ካልሲውን የት እንዳደረገ እንኳ እሷን ነው የሚጠይቃት።”

“ስለ ካምፑ አውርተውልሽ ያውቃሉ?”

“አባዬ? በጭራሽ! እዚህ ቤት ስሙም አይነሳ። ልጅ ሳለሁ ራት ላይ አንስቼ ከገበታ አባሮኛል። አባቴ እንደዚያ ተቆጥቶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።”

ጠበቃዋ ጥርጣሬዋን አልዋጠችም። ተመልሳ ሽማግሌውን ለብቻቸው አስቀመጠቻቸው።

“አባባ፣ በአያቴ አጥንት ይዤዎታለሁ። እውነት እዚያ ነበሩ?”

የሾፌሩ ዓይን እንባ አቀረረ። “አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም” አሉ።

አባባሉ የእስረኛ ሳይሆን የሠራተኛ መሰላት። ግን ሌላ ምስክር ከየት ይምጣ? “እሺ” አለች። “እማማ ግን ፍርድ ቤት እንዳይመጡ። ከኋላ ሆነው ካረሙዎት አለቀልን።”

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የወዲያኛው መንግሥት ጠበቃ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። ሾፌሩ ስለ አጥሩና ስለ ውሾቹ ሲያወሩ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

“አመሰግናለሁ አባት” አለ ሲነሳ። “የማደሪያው በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?”

ሾፌሩ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ።

“ወለሉስ? ሲሚንቶ ነው አፈር?”

“አፈር… መሰለኝ።”

“የሚገረፉት ቆመው ነው ተኝተው?”

ሾፌሩ ወደ ጠበቃዋ ዞሩ። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጠበቃዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

“ክቡር ዳኛ” አለ ትሑቱ ሰው፤ “እኚህ አባት እዚያ ካምፕ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው አያውቁም። መዝገቡ እንዲዘጋልን እጠይቃለሁ።”

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። “አባት፣ እውነት ነው?”

ሾፌሩ አንገታቸውን ደፉ። ያ ሁሉ ወሬ አንዲት ቃል ሳያስቀር ጥሏቸው ሄደ።

የአዳራሹ በር ተከፈተ። አትምጪ የተባሉት ባለቤታቸው፣ ያንኑ ሰሞን ለራሳቸው የሰፉትን ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ በመሃል መተላለፊያው ቀስ እያሉ መጡ። ጠበቃዋ ልታስቆማቸው ብድግ አለች፤ ክንዷን ገፋ አድርገው አለፏት፤ ባላቸው አጠገብ ሲደርሱም ቆሙ።

“እውነቱን ነው ክቡር ዳኛ፤ እሱ አልገባም፤ በየማለዳው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ እኔ በሕይወት መኖሬን ያይ ነበር።”