ሙሉ ጎተራ

የሰፈራ ጣቢያው ሊቀመንበር አቶ እንድሪስ፣ ልማት ማለት የሚታይ ነገር ነው ብለው ያምናሉ። ትልቅ እንግዳ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው ሲባል በየጎተራው ገለባ አስጠቀጠቁና፣ ላይ ላዩን ከወር ቀለብ የተረፈችውን ማሽላ አስነሰነሱበት።

«እጃቸውን ቢያስገቡበትስ፣ ልጄ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ሰፋሪ።

«ትልቅ ሰው ያያል እንጂ ጎተራ አይበረብርም፣ አባቴ! ይልቅ ንግግራቸውን ሲጨርሱ እልልታው እንዳይጎድል።»

እውነትም እንግዳው አልበረበሩም። ባዩት ነገር ተደስተው የሊቀመንበሩን ግንባር ሳሙና ድምፅ ማጉያውን ጨበጡ።

«እንኳን ደስ አላችሁ፤ ራሳችሁን ችላችኋል! ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ቀለባችሁ ለተቸገረ ጣቢያ ይሄዳል!»

አቶ እንድሪስ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ።